ፊልትሮው እምቢ ሲላችሁ፦ መኪናቸውን በቤታቸው ለሚሠሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ባለፈው እሑድ አመሻሽ ላይ የጎረቤቴ ልጅ በሬን አንኳኳ። መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሏል። ጨርቁ በዘይትም በደምም ርሷል። «ጋሼ፣ ይሄ ፊልትሮ የተበየደ መሰለኝ» አለኝ፤ የሞተሩን ዘይት ማጣሪያ ማለቱ ነው። ቪትዝ ገዝቶ ገና ዓመት አልሞላውም። ዘይቱን ራሱ ሊቀይር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የጀመረ እስከዚያ ሰዓት ድረስ መኪናዋ ሥር ነበር።

የእጅ ባትሪዬን ይዤ ሄድኩ። ፊልትሮው ጎኑ ተጨራምቷል። «እስቲ እንዴት ስታዞረው እንደዋልክ አሳየኝ» አልኩት። አሳየኝ። ቀኑን ሙሉ ሲያጠብቀው ነው የዋለው። ዘይቱን ደግሞ ጠዋት አፍስሶ ጨርሷል። መኪናዋ ወደ የትም መሄድ አትችልም። ሱቁ ዝግ ነው፤ ጋራዡም ዝግ ነው።

ልጁ ጎበዝ ነው። ያጣው ጉልበት አይደለም፤ የሚነግረው ሰው ነው ያጣው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩላችሁ። እዚህ ደብረ ብርሃን ከ40 ዓመት በላይ መኪና ሠርቻለሁ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ መኪናችሁን በገዛ እጃችሁ ለመንከባከብ ስትሞክሩ ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። ዘይት መቀየር ከባድ አይደለም። ሰው የሚጎዳውና ተስፋ የሚቆርጠው እዚችው ጋ ነው፤ ፊልትሮው እምቢ ሲል።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ። ዘይቱን ከማፍሰሳችሁ በፊት ፊልትሮውን ሞክሩት። ትንሽ ነቅነቅ ካለ በቃ፣ መልሳችሁ በእጅ ያዝ አድርጉትና ዘይቱን ወደ ማፍሰሱ ሂዱ። ካልተነቃነቀ ግን ዘይታችሁ አለ፤ ሞተራችሁ ጤነኛ ነው፤ አስነሥታችሁ ወደ ጋራዥ መሄድ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ዘይት አፍስሶ ኋላ ከፊልትሮ ጋር የሚታገል ሰው መመለሻ መንገዱን ራሱ ዘግቷል።

የሚፈታበትን አቅጣጫ ደግሞ መኪናው ሥር ሳትተኙ በፊት እወቁ። ፊልትሮ እንደ ማንኛውም ቡሎን ወደ ግራ ይፈታል። ግራው የሚቆጠረው ግን የፊልትሮውን ድፍን ቂጥ ፊት ለፊት ስታዩት ነው። ከላይ እጃችሁን ሰዳችሁ ከጀርባው የምትይዙት ከሆነ ግራና ቀኙ ይገለበጥባችኋል። በጀርባችሁ ተኝታችሁ፣ አንገታችሁ ተጣሞ፣ ግንባራችሁ ላይ ዘይት እየተንጠባጠበ ማሰብ ከባድ ነው። እኔ ዛሬም ድረስ ቂጡን ጠረግ አድርጌ በማርከር ቀስት እሥልበታለሁ። አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

ለምን ይጣበቃል? አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዝገት አይደለም። አፉ ላይ ያለችው ክብ ጎሚኒ ናት የምትይዘው። ዘይት ሳትቀባ በደረቋ ከታሰረች ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ከብረቱ ጋር ትያያዛለች። በዚያ ላይ ያሰረው ሰው «እንዳይላላ» ብሎ በመፍቻ ካጠበቀው፣ የዘይት መቀየሪያው ጊዜም ካለፈ፣ ነገሩ ተበላሸ ማለት ነው። እንግዲህ የምትታገሉት ከባለፈው ሰው እጅ ጋር ነው።

«እምቢ ካለ ይቅር፣ ዘይቱን ብቻ ልቀይር» የምትሉም አላችሁ። አታድርጉት። ብዙ ፊልትሮ ውስጥ ወይም ሞተሩ ላይ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አለች። የሚያጣራው ወረቀት ሲደፈን፣ ወይም ዘይቱ በብርድ ሲወፍር ትከፈትና ያልተጣራውን ዘይት በቀጥታ ወደ ሞተሩ ታሳልፋለች። ሞተሩ ጨርሶ ዘይት ከሚያጣ ቆሻሻም ቢሆን ይሻለዋል ተብሎ ነው። የእኛን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ታውቁታላችሁ። በዚያ ጠዋት ዘይቱም ወፍሮ ወረቀቱም ተደፍኖ ስታስነሡ አዲሱ ዘይት ወዲያው ይቆሽሻል።

አሁን ወደ ሥራው። ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሡና አጥፉት። ለብ ያለ ጎሚኒ በውርጭ ከደረቀ ጎሚኒ ይልቅ እሺ ይላል። በጣም የጋለ ሞተር ሥር ግን እጃችሁን እንዳትሰዱ። ከረጅም መንገድ የመጣ መኪና ዘይቱ ከ90 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ቆዳ ይገፍፋል። ከሸዋ ሮቢት ተነሥታችሁ ጣርማ በርን ወጥታችሁ ከደረሳችሁ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ ሻይ ጠጡ።

መኪና ሥር ስለ መግባት አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እንዳትገቡ። የኛ አገር አፈር ዋልካ ነው። ዝናብ ሲነካው ክሪኩ ዝም ብሎ ይሰምጣል። ሰፊ ሳንቃ ከሥሩ አንጥፉ፤ መኪናውን በብረት መደገፊያ ላይ አሳርፉ፤ መሬት ላይ የቀሩትን ጎማዎች በታኮ ያዙ፤ የእጅ ፍሬን ሳቡ። ይህ ከሌላችሁ ሥራው ይቆይ። ፊልትሮው ነገም እዚያው አለ።

መጀመሪያ ፊልትሮውን አድርቁት። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እጁ ስለሚያዳልጠው ነው። በጨርቅና በትንሽ የሳሙና ውሃ ጥረጉት። ከዚያ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሻካራው ፊት ወደ ብረቱ ሆኖ፣ ጠቅልሉበትና በሁለት እጅ ያዙት። በዚህ ብቻ የተፈታልኝ ፊልትሮ ብዙ ነው። እምቢ ካለ መፍቻ አለ፤ ባለ ቀበቶው፣ ባለ ሰንሰለቱና ኩባያ የሚመስለው። ለቤት ሥራ ኩባያውን እመርጣለሁ፤ ግን ልኩ ከፊልትሮው ጋር መግጠም አለበት። ባለ ቀበቶውን ወይም ባለ ሰንሰለቱን ከያዛችሁ ወደ ሞተሩ በተጠጋው ጫፍ ላይ እሰሩት። እዚያ ላይ ቆርቆሮው ወፍራሙን ክብ ብረት ተደግፏል። መሐሉን ከያዛችሁት ይጨራመታል እንጂ አይዞርም። ድንገት በኃይል አትሳቡ። ቀስ ብላችሁ ክብደታችሁን ጫኑበትና ያዙት። ጎሚኒዋ ስትለቅ «ጭርር» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ።

የጎረቤቴን ልጅ ፊልትሮ የፈታነው በአሮጌ ቺንጋ፣ በሞተር ቀበቶ ማለቴ ነው። ጎድጓዱን ፊት ወደ ፊልትሮው አድርገን ሁለት ዙር ጠመጠምነው፤ ከሥሩ የብርጭቆ ወረቀት አደረግን፤ ጫፎቹን በአጭር ቧንቧ ጠምዝዘን ወደሚፈታበት አቅጣጫ ጫንነው። ቀን ሙሉ የጠበቀ ፊልትሮ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወጣ።

በካቻቢቴ ወግቶ ማዞር የሚባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔ አልወደውም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ገና የጋራዥ ረዳት ሳለሁ ደብረ ሲና ላይ የአንድ ነጋዴ ፒክአፕ ፊልትሮ እምቢ አለኝ። ትዕግሥት አጣሁ። ካቻቢቴውን በመዶሻ አሳለፍኩበትና ጎተትኩ። ቆርቆሮው እንደ ጣሳ ተተረተረ። ካቻቢቴው ወጣ፤ ፊልትሮው ቀረ። ሌላ ቦታ ወጋሁ፤ እዚያም ተቀደደ። በመጨረሻ ክብ ብረቱ ብቻ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ከጣርማ በር የሚወርደው ጉም መጣ፤ መሸ። ሰውየው ከነጭነቱ እዚያው አደረ። በማግስቱ ጌታዬ ከደብረ ብርሃን መጣ። ጫፉ በደነዘ አሮጌ ካቻቢቴና በትንሽ መዶሻ የክብ ብረቱን ጠርዝ ወደሚፈታበት አቅጣጫ ከዚህም ከዚያም ቀስ እያለ መታው። ሳይቆጣኝ ፈታው። ሰውየውን ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እስከ ዛሬ ፊቱ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ፊልትሮው አንዴ ከተወጋ ሞተሩን ማስነሣት አይቻልም። ሌላው ሁሉ ካልሠራ፣ አዲሱ ፊልትሮ በእጃችሁ ካለ፣ መኪናውም ግቢያችሁ ውስጥ ከቆመ ብቻ አስቡት። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ የፕላስቲክ ክዳን ነው ያላቸው፤ ወረቀቱ ብቻ ይቀየራል። እነሱን ካቻቢቴም ቺንጋም አይንካቸው፤ ልኩን ኩባያ ፈልጉ።

ሲወጣ ወዲያው ገልብጣችሁ እዩት። ጎሚኒዋ አብራ ወጥታለች? አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች። ሳታዩ አዲሱን በላዩ ካሰራችሁ ሁለት ጎሚኒ ይደራረባል። ሞተር ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ባር ይደርሳል። የትንሽ መኪና ጎማ ነፋስ እንኳ 2 ባር ገደማ ነው። የተደራረበ ጎሚኒ ያን ግፊት አይችልም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ዘይቱን ሁሉ መንገድ ላይ ይተፋዋል። የሞተሩን ፊት በንጹህ ጨርቅ ጥረጉት፤ በጣታችሁም ዳስሱት።

አዲሱን ስታስሩ ጣታችሁን አዲስ ዘይት ውስጥ ነክራችሁ ጎሚኒዋን ዙሪያዋን ቀቡ። በእጅ አዙሩት። ጎሚኒዋ ብረቱን ስትነካ ከዚያ ወዲያ ሦስት ሩብ ዙር ያህል በእጅ ብቻ አጥብቁ። ትክክለኛው ልክ ብዙ ጊዜ ፊልትሮው ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ በሥዕል አለ፤ እሱን ተከተሉ። መፍቻው ለመፍታት ነው፤ ለማሰር አታንሡት። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩንም በማርከር ጻፉበት።

የተቃጠለውን ዘይት እባካችሁ ቦይ ውስጥ አትድፉ። የኛ ቦይ መጨረሻው በሬሳ ወንዝ ነው፤ ከዚያ የሚጠጣ ከብት አለ፤ በዚያ የሚያጥብ ሰው አለ። በጀሪካን አጠራቅሙና ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡት። አሮጌውንም ፊልትሮ አንጠፍጥፋችሁት አንድ ቀን ይዋል።

ዘይቱን ሙሉ፤ አስነሡ። የዘይት መብራቷ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለባት፤ ካልጠፋች ወዲያው ሞተሩን አጥፉ። ሁለት ደቂቃ እየሠራ በእጅ ባትሪ ከጎን ሆናችሁ ፊልትሮውን እዩት። አጥፉና ትንሽ ቆይታችሁ መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ ዘይቱን ለኩ፤ አዲሱ ፊልትሮ የተወሰነ ዘይት ስለሚወስድ መጨመር ይኖርባችኋል። ማታ ከሞተሩ ሥር ንጹህ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት እዩት። ደረቅ ከሆነ መኪናዋን አስነሡና ወደ ሥራችሁ ሂዱ።