«ሥልጣን የለኝም» ያለ ፍርድ ቤት ይግባኙን «ውድቅ አደረገ» ይባላል?

ጥያቄ፦ ጅማ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ራፖር እጽፋለሁ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አማርኛ ብቻ ለሚችሉ ባለጉዳዮች ትእዛዙን በአማርኛ የምነግራቸው እኔ ነኝ። ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን ለማየት ሥልጣን የለኝም ሲል «ይግባኝዎ ውድቅ ሆኗል» እላቸዋለሁ። አንድ ጠበቃ «እንደሱ አይባልም» አሉኝ። ታዲያ ምን ልበል?

መልስ፦ ጠበቃው ልክ ናቸው። ሰዋስው ግን አልተጣሰም። «ክፍት» ከ«ከፈተ»፣ «ዝግ» ከ«ዘጋ» እንደሚወጡ «ውድቅ»ም ከ«ወደቀ» የወጣ ቅጽል ነው፤ «ሆነ»ና «አደረገ» በደንብ ይከተሉታል። ችግሩ ሰሚው ዘንድ ነው። «ይግባኝዎ ውድቅ ሆነ» የተባሉ እናት ክርክራቸው ተመርምሮ የተረቱ ይመስላቸዋል። ፍርድ ቤቱ ግን ክርክሩ ውስጥ ገና አልገባም፤ «ይህን ጉዳይ የማየው እኔ አይደለሁም» ነው ያለው። እሳቸው ተስፋ ቆርጠው ቤት ሲቀመጡ ለፍትሐ ብሔር ይግባኝ የተሰጠው 60 ቀን ያልፋል። አንድ ቃል መብት ያስቀራል የምለው ለዚህ ነው።

ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መዝገቡን መርምሮ የሥር ፍርድ ቤቱን ፍርድ የሚያስለውጥ ምክንያት ካጣ፣ መልስ ሰጪውን ሳይጠራ «አያስቀርብም» ብሎ ይሰርዘዋል። ይህ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 337 ያለ ነው። እዚህ ላይ «ውድቅ» ቢሉ አልከራከርዎትም፤ ፍሬ ነገሩ ታይቷልና። ያስቀርባል ካለና ሁለቱን ወገን ካከራከረ ደግሞ ፍርዱን ያጸናል፣ ያሻሽላል ወይም ይሽራል። ሥልጣን የለኝም ያለ ፍርድ ቤት ከእነዚህ አንዱንም አላደረገም። ስለዚህ «ሥልጣን የለኝም በማለት ይግባኙን ውድቅ አድርጎ የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ አጸና» ብሎ ዜና የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ያሳስታል። ለማጽናትም እኮ ሥልጣን ያስፈልጋል!

«ሥልጣን» የሚለውንም ብቻውን አይተዉት። በዕለት ተዕለት ንግግር መጀመሪያ የሚያስታውሰን ሹመትን ነው። «ይግባኙን የማየት ሥልጣን» ቢሉ ይጠራል። ምክንያቱንም ያክሉበት፤ የጎደለው የሥረ ነገር ሥልጣን (ጉዳዩን በዓይነቱና በደረጃው የማየት) ነው ወይስ የአካባቢ (ጉዳዩ ከሚነሣበት ቦታ አንጻር የማየት)? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከክልል ሥልጣኑ በተጨማሪ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ እንዲሠራ አድርጓል። በዚህ በደረበው ሥልጣን ለሰጠው ውሳኔ ይግባኙ የሚቀርበው ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ባለጉዳይ ደረጃው ቢምታታበት አይፈረድበትም።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «እማማ፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ይግባኝዎን የማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ መዝገቡን ዘግቷል። ክርክርዎን አላየውም፤ አልተረቱም።» «ዘግቷል» የሚለውም ሊያስደነግጥ ስለሚችል እዚያ ላይ አያቁሙ። የትእዛዙን ግልባጭ አብረው አንብቡና፣ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየው ተጽፎ ከሆነ ስሙን፣ ትእዛዙ የተሰጠበትን ቀንም ጨምረው ይንገሯቸው።