የሕፃናት ማቆያው ዋጋ ጨመረ፣ ሞግዚት ቀነሰ፤ የከፈልኩት ይመለስልኛል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ቀበሌ 14 ነው። በግል ባንክ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የ14 ወር ልጄን ከመስከረም ጀምሮ ሰፈራችን ባለ የሕፃናት ማቆያ አውላለሁ። ስናስመዘግብ ድርጅቱ ያዘጋጀውን ባለ ሁለት ገጽ ፎርም ፈርመናል፤ ጊዜው ከመስከረም እስከ የካቲት፣ ክፍያው በወር 3,200 ብር፣ ለአራት ሕፃናት አንድ ሞግዚት ይላል። መመዝገቢያ 1,500 ብር ከፍለናል። ክፍያው በየሦስት ወሩ ስለሆነ የታኅሣሥን፣ የጥርንና የየካቲትን 9,600 ብር በቴሌብር አስገብቻለሁ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ‹ከጥር ጀምሮ 4,500 ብር ሆኗል፤ ልዩነቱን ክፈሉ› የሚል መልእክት መጣ። ሁለት ሞግዚቶች ለቀው አሁን አንዷ ዘጠኝ ልጅ ትይዛለች። ባለፈው ሳምንት ልጄ ክንዱ ላይ ተነክሶ መጣ፤ የነገረን የለም። ላስወጣው ስል ፎርሙ ‹የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም፤ በሕፃኑ ላይ ለሚደርስ ማንኛውም ጉዳት ድርጅቱ ኃላፊነት የለበትም› ይላል አሉኝ። መብቴ ምንድን ነው? መሥሪያ ቤቴስ የሕፃናት ማቆያ የማዘጋጀት ግዴታ የለበትም?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በእጅዎ ያለው ትልቁ ማስረጃ ፎርሙ ላይ የሰፈረችው «ለአራት ሕፃናት አንድ ሞግዚት» የምትለው መስመር ናት። ብዙ ማቆያዎች ይህን በቃል ይናገሩታል እንጂ አይጽፉትም። እርስዎ ግን ተፈርሞ ይዘውታል። ፎርሙን ዛሬውኑ ኮፒ አድርገው ዋናውን በደንብ ያስቀምጡት።

መስመሯ ለምን እንደምትከብድ በሒሳብ እንየው። ለምሳሌ አንዲት ሞግዚት በወር 5,000 ብር ይከፈላታል እንበል። አራት ልጅ ስትይዝ ከእያንዳንዱ ልጅ ክፍያ ላይ 1,250 ብር ለእሷ ይሄዳል። ዘጠኝ ስትይዝ ግን 555 ብር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ስሌት ድርጅቱ በእያንዳንዱ ልጅ ወደ 700 ብር የሚጠጋ ወጪ ቀንሷል፤ ከእርስዎ የሚቀበለው ግን ያው 3,200 ብር ነው። ስለዚህ የቴሌግራሙ መልእክት ከመምጣቱ በፊትም ዋጋው ጨምሯል፤ በብር ያልተጻፈ ጭማሪ ነው። የቤት ኪራይ፣ የወተትና የዳቦ ዋጋ መናሩ እውነት ነው፤ የማቆያ ባለቤቶችም ይቸገራሉ። የሕፃን ማቆያ ጥራት ግን ከግድግዳው ሥዕልና ከአሻንጉሊቱ ብዛት በፊት በእጅ ቁጥር ይለካል። ዘጠኝ ልጅ የያዘች ሞግዚት ስድስት ሰዓት ላይ አንዱን ስታጥብ ሌላው ያለቅሳል፤ ጡጦ በትራስ ተደግፎ ሕፃኑ አፍ ላይ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ሕፃኑን ሊያንቀው ይችላል። ልጅዎ ሲነከስ ያየ ሰው ያልነበረውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ወደ ሕጉ እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል ይላል። ቁጥር 1764 ደግሞ ውሉን መፈጸም አስቀድሞ ከታሰበው በላይ ከባድ ቢሆንም እንኳ ውሉ እንደጸና እንደሚቆይ ይደነግጋል። የእርስዎ ውል የጊዜ ገደቡም ዋጋውም የተቆረጠ ስለሆነ እስከ የካቲት መጨረሻ 3,200 ብር ነው። ጥርና የካቲት ቀድመው ስለተከፈሉ የተጠየቁት የ2,600 ብር ልዩነት መሠረት የለውም። ፎርሙ ጊዜ ባይወስን ኖሮ መልሴ ይለይ ነበር፤ ጊዜ ያልተወሰነለትን ውል ሁለቱም ወገኖች በቂ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ሊያቋርጡት ስለሚችሉ፣ ድርጅቱም «ከሚቀጥለው ወር ዋጋው ይህ ነው፤ ካልተስማማችሁ መውጣት ትችላላችሁ» ማለት ይችል ነበር። ይህን የምጽፈው ሌሎች ወላጆች የራሳቸውን ፎርም አገላብጠው እንዲያዩ ነው። «ክፍያ እንደ ሁኔታው ሊሻሻል ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለበትም ክርክሩ ይጠብባል፤ ያም ቢሆን ቀድሞ በተከፈለ ወር ላይ ወደ ኋላ ሄዶ መጨመርን ይፈቅዳል ብዬ አላምንም።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የሚሳሳትበትን ልንገርዎ። ግሩፑ ላይ «እሺ» ብለው አይመልሱ፤ የአውራ ጣት ምልክትም አይጫኑ። ልዩነቱን ዝም ብሎ መክፈል በአዲሱ ዋጋ እንደተስማሙ ተደርጎ ሊቀርብብዎ ይችላል። ልጁን ነገ የሚያውሉበት አጥተው ለመክፈል ከተገደዱ፣ በቴሌብሩ የምክንያት ቦታ ላይ «በተቃውሞ የተከፈለ» ብለው ይጻፉ። የቴሌግራም መልእክት ደግሞ በላኪው ሊጠፋ ወይም ሊስተካከል ስለሚችል የግሩፑ ስም፣ የላኪው ስምና ቀኑ በአንድ ገጽ እንዲታይ ስክሪንሾት ያንሱ። ግሩፑ ላይ በኋላ የተለጠፈ «የውስጥ ደንብ» ካለም፣ በቁጥር 1686 መሠረት አንዱ ወገን ያወጣው ጠቅላላ ደንብ ሌላውን የሚያስገድደው አውቆ ሲቀበለው ነው።

«የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚለው ሐረግ ወላጅ በራሱ ፍላጎት ልጁን ሲያስወጣ ሊይዝ ይችላል። ውሉን ያጎደለው ድርጅቱ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቁጥር 1771 ውሉ ያልተፈጸመለት ወገን ወይ እንዲፈጸም፣ ወይ እንዲሰረዝ፣ በተጨማሪም ለደረሰበት ጉዳት ኪሣራ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እንግዲህ «ደስ ስላላለኝ አስወጣሁ» እና «ውሉ ስለተጓደለ አስወጣሁ» በሚሉት መካከል የ6,400 ብር ልዩነት አለ። ልዩነቱን የሚፈጥረው ደግሞ ደብዳቤ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥር 1772 በመርሕ ደረጃ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል። ልጁ አደጋ ላይ ነው ብለው ካመኑ በእርግጥ አያውሉት፤ ደብዳቤውን ግን በዚያው ቀን ያስገቡ። አጭር ይሁን፤ እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦

«መስከረም … ቀን በተፈራረምነው ውል ለአራት ሕፃናት አንድ ሞግዚት ለመመደብ፣ ክፍያውም እስከ የካቲት መጨረሻ በወር 3,200 ብር እንዲሆን ተስማምተናል። ከታኅሣሥ … ቀን ጀምሮ አንድ ሞግዚት ዘጠኝ ሕፃናት እንድትይዝ ተደርጓል። ታኅሣሥ … ቀን ልጄ ተነክሶ ተመልሷል፤ ስለ ሁኔታውም አልተገለጸልኝም። በውሉ የተጻፈው የሞግዚት ቁጥር በአምስት ቀን ውስጥ እንዲሟላና የ2,600 ብር ጭማሪው እንዲነሳ እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ ውሉ እንዲሰረዝ፣ ያልተጠቀምኩበት የጥርና የየካቲት ክፍያ 6,400 ብርም እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።»

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ለድርጅቱ ይስጡ፣ በሌላው ላይ የተቀባዩን ስም፣ ፊርማና ቀን ያስፈርሙ። አንቀበልም ካሉ ሁለት ምስክር ባሉበት አስቀምጠውላቸው ይውጡ፤ ወይም ከፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ልከው ደረሰኙን ይያዙ። የ1,500 ብር መመዝገቢያው ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም፤ ልጁ ተመዝግቦ ሦስት ወር አልፎ ውሏል። የታኅሣሥንም ቢሆን የዋለባቸውን ቀናት መጠየቅ ያስቸግራል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቁጥር 1802 የተጎዳ ወገን ጉዳቱ እንዳይሰፋ የሚችለውን ማድረግ አለበት ይላል። ዘጠኝ ልጅ በአንድ ሞግዚት እየተያዘ መሆኑን እያወቁ እስከ የካቲት አውለውት በኋላ ገንዘብ ልጠይቅ ቢሉ ይህ አንቀጽ ይመጣብዎታል።

ንክሻውን በተመለከተ ደግሞ፣ መጀመሪያ የሚያዩት ምልክት ምን እንደሆነ ይለዩ። የሕፃን ንክሻ ትናንሽ የጥርስ ምልክት ያላቸው ሁለት ትይዩ ቅስቶች ሆኖ ይታያል፤ ክንድና ጉንጭ ላይ ይበዛል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ይናከሳሉ፤ ንክሻው ብቻውን ድርጅቱ ልጁን እንደ በደለ አያሳይም። ጎን ለጎን የተሰመሩ የጣት ምልክቶች፣ ጆሮ፣ ጭን፣ ቂጥ ወይም ጀርባ ላይ የሚታይ በለዝ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ለማንኛውም ምልክቱ በቀናት ውስጥ ስለሚጠፋ የዚያኑ ማታ በጥሩ ብርሃን፣ አጠገቡ ማስመሪያ ወይም የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጠው ፎቶ ያንሱ። ቆዳው ከተቀደደ ጤና ጣቢያ ወይም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ወስደው ያሳክሙት፤ ካርድ ይውጣ፤ የሕክምና ማስረጃም ይጠይቁ።

የነከሰውን ልጅ ወላጆች አይክሰሱ፤ እነሱም እንደ እርስዎ ሥራ ላይ ነበሩ። አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት ወላጅ በመርሕ ኃላፊ ቢሆንም፣ ቁጥር 2125 ልጁ በትምህርት ቤት ጥበቃ ሥር ባለበት ጊዜ ኃላፊነቱን ወደ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ያዞረዋል። ማቆያም ክፍያ ተቀብሎ ልጅ የሚጠብቅ በመሆኑ ክርክርዎን በዚያው መንገድ ማቅረብ ይችላሉ። ሞግዚቷ ራሷ በሥራዋ ላይ ጥፋት ብትሠራ ደግሞ በቁጥር 2130 አሠሪዋ ይጠየቃል። ከውል ውጭ በሚደርስ ጉዳት ላይ የተመሠረተ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (ቁጥር 2143)፤ በውሉ ላይ የተመሠረተው ግን አሥር ዓመት አለው (ቁጥር 1845)።

«ለማንኛውም ጉዳት ኃላፊነት የለብንም» የሚለው አያስፈራዎ። ሕጉ ተዋዋዮች «ኃላፊ የምሆነው ጥፋት ስሠራ ብቻ ነው» ብለው ኃላፊነታቸውን እንዲገድቡ ይፈቅዳል። ጥፋት ሠርቼም አልጠየቅም ማለት ግን ከዚያ ያልፋል። ልጅ ለመጠበቅ ክፍያ የተቀበለ ድርጅት ከጥበቃው ኃላፊነት ነፃ ልሁን ቢል ውሉ ራሱ ትርጉም ያጣል። የወንጀል ተጠያቂነት ደግሞ በየትኛውም ፊርማ አይነሳም፦ ሕፃን እንዲጠብቅ የተሰጠው ሰው ቢደበድበው፣ ቢያንገላታው ወይም ሳይንከባከበው ቢቀር በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ወንጀል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ም ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የመደብደብ ጥርጣሬ ካለዎት ከባለቤቱ ጋር መነጋገሩን ያቆዩትና ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ፤ ለሆስፒታሉ የምርመራ ደብዳቤ የሚጽፈው ፖሊስ ነው።

መሥሪያ ቤትዎን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል እንጂ የግል አሠሪ ማቆያ እንዲከፍት አያስገድድም። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግን የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ይህን ግዴታ አስፍሮት ነበር። ባንኩ የሠራተኛ ማኅበር ካለው በኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ ቢያነሱት ይሻላል።

ድርጅቱ ለደብዳቤው መልስ ካልሰጠ፣ ለ6,400 ብር ብዬ በቀጥታ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሂዱ አልልዎትም፤ ዳኝነቱና ምልልሱ የሥራ ቀን ይበላል። መጀመሪያ ወደ ከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ወይም ወደ ክፍለ ከተማዎ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ያስገቡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የአገልግሎቱን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የእርስዎ ማቆያ ለ9,600 ብሩ ደረሰኝ ካልቆረጠ ይህ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። የሕፃናቱን አያያዝ ደግሞ ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ ያመልክቱ። ልጆቻቸው አብረው የሚውሉ ወላጆች በአንድ ማመልከቻ ቢፈርሙ ይበልጥ ይደመጣል፤ ሁሉም የያዙት ፎርም አንድ ዓይነት ነውና።

ሌላ ማቆያ ሲያዩ፣ ጠዋት በጉብኝት ሰዓት ብቻ አይሂዱ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ሳያስታውቁ ይግቡና ልጆቹንና ሞግዚቶቹን ይቁጠሩ። ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ላለ ልጅ ከአራት በላይ በአንድ ሞግዚት ከሆነ እኔ አልፈርምም፤ እሳት ቢነሳ አንድ ሰው አቅፎ የሚያወጣው ሁለት ሕፃን ነው። ባሕር ዳር ወባ ያለባት ከተማ ስለሆነች የመኝታ ክፍሉን አጎበር በዓይንዎ ይዩ። ልጁ በወባ ቢታመም «ትንኟ የነከሰችው እዚያ ነው» ብሎ ማስረዳት እጅግ ከባድ ነውና አጎበሩን በውል ማስጻፉ ይቀላል። ውኃ የሚጠራቀምበት በርሜልና ባልዲ ክዳን አለው ወይ? ቤቱ ወደ ጣና ዳር ከሆነ አጥሩ እስከ ታች ድረስ የተዘጋ ነው? የሠራተኞች ቡና በከሰል የሚፈላው የት ነው? ከዚያ ፎርሙ ላይ አራት ነገር በብዕር ያስጨምሩ፦ የሞግዚት ቁጥር፣ ዋጋው የማይለወጥበት ጊዜ፣ ጉዳት ሲደርስ በዚያው ቀን በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ፣ ውል ሲቋረጥ ያልተጠቀሙበት ክፍያ የሚመለስበት ቀን። በብዕር ከተጨመረው እያንዳንዱ መስመር ጎን ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ በሁለቱም ቅጂ ላይ።