ነቀርሳ የለም ማለት ምን ማለት ነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ከሳንባ አልወጡም።

«በአየር ቧንቧ ያለውን ባክቴሪያ አይቶ የሳንባ ካንሰርን ገና በጠዋቱ የሚለይ ምርመራ አለ ሲሉ ሰማሁ። ድሬ የት አገኛለሁ?» (ከከዚራ)

ድሬም አዲስ አበባም አይፈልጉት፤ ገና ምርምር ላይ ነው። ወሬ ብቻ ግን አይደለም። ስንተኛ ምራቃችን በጥቂቱ ወደ ሳንባ ይሾልካል፤ የአፍ ባክቴሪያም አብሮት ይወርዳል። የሳንባ ካንሰር በያዛቸው ሰዎች የታችኛው አየር ቧንቧ ውስጥ እነ ስትሬፕቶኮከስና ቬይሎኔላ የሚባሉ የአፍ ባክቴሪያዎች በርከት ብለው ተገኝተዋል። ናሙናው የሚወሰደው ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጥ በምታልፍ ትንሽ ብሩሽ ነው፤ ከዚያ የባክቴሪያዎቹ ዘረመል ይነበባል። ጣጣው፣ ሲጋራም፣ በቅርቡ የተዋጠ አንቲባዮቲክም፣ ቱቦው በአፍ ሲያልፍ የነካው ምራቅም ውጤቱን ያዛባል። ባክቴሪያው ካንሰሩን ያግዛል ወይስ ካንሰሩ ባክቴሪያውን ይጋብዛል? በአይጦች ላይ ቬይሎኔላ ዕጢውን ሲያባብስ ታይቷል፤ በሰው ግን ክርክሩ አላለቀም። ለከባድ አጫሾች ዛሬ የተረጋገጠው ምርመራ በዝቅተኛ ጨረር የሚነሳ ሲቲ ስካን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በደረት ራጅ ከሚታዩት ይልቅ በዚህ የታዩት ላይ የሳንባ ካንሰር ሞት በ20 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል።

«አባቴ ወር ሙሉ ይስላል። አክታው ታይቶ ‹ነቀርሳ የለም› ተባልን። ካንሰርም የለም ማለት ነው?» (ከሳቢያን)

አይደለም! ይቺ ቃል ስንቱን ቤት አሳስታለች። ነቀርሳ ስንል አንዴ ቲቢ፣ አንዴ ካንሰር ማለታችን ነው። አባታችሁ ክዳን ባላት የላስቲክ ዕቃ የሰጡት አክታ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ውስጥ ሲገባ የሚፈለገው የቲቢ ባክቴሪያ ነው፤ ካንሰርን ማሽኑ አያውቀውም። ወረቀቱን ይዛችሁ ተመለሱና «ሳሉ አልቆመም» በሉ። ራጅ፣ ካስፈለገም ሲቲ ስካን ይታዘዛል። አክታው ደም ከቀላቀለ ወይም ቀበቷቸው ቀዳዳ እየጨመረ ከሆነ ነገ ጠዋት ሂዱ።

«ነገሩ ባክቴሪያ ከሆነ አሞክሲሲሊን ብውጥስ?» (ከመጋላ)

እባክዎ አይዋጡ። አንቲባዮቲክ ካንሰርን አያድንም፤ ትርፉ መድኃኒቱን የለመደ ጀርም ነው።

«አላጨስም። በርጫ ላይ ግን አጠገቤ ያጨሳሉ።» (ከሐረር)

መስኮቱ ዝግ፣ መጋረጃው የወረደ፣ አራት ሰው እየተቀባበለ የሚያጨስበት ክፍል ነው አይደል? እንግዲያው እርስዎም እያጨሱ ነው፤ የሌላ ሰው ጭስም የሳንባ ካንሰር ያመጣል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ የበርጫው ክፍል ግን አዋጁን ያነበበ አይመስልም። ቢያንስ በሩ አጠገብ ያለችውን ፍራሽ ይያዙ እንዳልል፣ እሷም አታድንም። ወይ እነሱ ወጥተው ያጭሱ፣ ወይ እርስዎ ይውጡ።