ግራኝና ቀኝ በአንድ ኤአር-15፦ ሴፍቲ ስትመርጥ ምን ታያለህ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። ግራኝ ነህ፣ ኤአር-15 ገዝተሃል፣ ከፋብሪካ የመጣው ሴፍቲ (ጠመንጃው እንዳይተኩስ የሚቆልፈው) ሌቨሩ፣ ማለትም በጣት የሚገፋው ማንሻ፣ በግራ ጎን ብቻ ስለሆነ አውራ ጣትህ አይደርስበትም። ባለቤትህ ቀኝ ናት፤ በዚያው ጠመንጃ ትለማመዳለች። ሌቨሩ ከተቆለፈበት ወደ ተኩስ ለመዞር 45 ዲግሪ ቢሄድ ይሻላል ወይስ 90? የትኛው ብራንድ? ርካሹስ ይበቃል? ነው ያልከው። እኔም ግራኝ ነኝ። እዚህ ቴክሳስ ለዓመታት በዚሁ ጠመንጃ ስተኩስ ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

ብራንዱን ለጊዜው ተወው፤ ከእጅህ ጀምር። ጠመንጃውን ባዶ አድርግ። ካዝናውን አውጣ፣ አቀባብልና የጥይት ቤቱን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ጥይት እዚያ ክፍል ውስጥ አይኑር። ከዚያ እንደምትተኩስ አድርገህ ያዘው። የግራኝ አውራ ጣት የሚያርፈው በቀኝ ጎን ነው፤ እዚያ ደግሞ ምንም ሌቨር የለም። የምላጭ ጣትህ ያለው ፋብሪካው ሌቨር ባስቀመጠበት በግራ ጎን ነው። አንዳንዱ ግራኝ በምላጭ ጣቱ ሴፍቲውን መግፋት ይለምዳል። እኔ አልወደውም። የምላጭ ጣት ሥራው አንድ ብቻ ቢሆን ይሻላል፤ እስክትተኩስ ድረስም ቀጥ ብሎ ከምላጩ ውጪ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ በሁለቱም ጎን ሌቨር ያለው ሴፍቲ ለአንተ ቅንጦት አይደለም።

ሰው ሁሉ ስለ ዲግሪ ሲያወራ የሚረሳው የሌቨሩን ርዝመት ነው። ኤአር ላይ ሌቨሩ ወደ ፊት ሲጋደም ተቆልፏል፣ ወደ ታች ሲወርድ ይተኩሳል። ወደ ታች ሲወርድ ከአውራ ጣት በተቃራኒው ጎን ያለው ሌቨር የምላጭ ጣትህ ሥር ላይ ይመጣል። ረጅም ከሆነ አንጓህን ይነካል፣ ይቆረቁራል፣ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ እንዳይወርድ ጣትህ ራሱ ያግደዋል። ለዚህ ነው በአውራ ጣት በኩል ረጅም፣ በተቃራኒው በኩል አጭር የሚደረገው። ለአንተ ረጅሙ በቀኝ፣ አጭሩ በግራ መሆን አለበት። ለባለቤትህ ግን ተገላቢጦሹ ነው። እኔ ብሆን ረጅሙን በቀኝ አድርጌ በግራ ደግሞ መካከለኛ ወይም አጭር ግን ጠርዙ ሸካራ የሆነ እመርጣለሁ። የእሷ አውራ ጣት በቀላሉ ያገኘዋል፣ የአንተንም ጣት አያስቸግርም። ሁለታችሁም ሞክሩት፤ የእጅ መጠን ይለያያል፣ ከጓንት ጋር ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ስትገዛ ሌቨሮቹ የሚቀያየሩበትን ግዛ። ራዲያን የሚባለው ብራንድ የሚሠራው ታሎን የተባለ ሴፍቲ ሌቨሮቹ ያለ ብሎን ገብተው ይቆለፋሉ፤ ባለ 4 ሌቨር ኪቱ እንደ እናንተ ላሉ ሁለት ሰዎች ይመቻል። ባትል አርምስ የሚባለው ብራንድ ደግሞ በትንንሽ ብሎን የሚታሰር አለው፤ እሱም ጠንካራ ነው። ብሎን ያለውን ከመረጥክ ሰማያዊ ሎክታይት (ብሎን እንዳይላቀቅ የሚይዝ ማጣበቂያ) ትንሽ ንካው። ከዚያ ብሎኑና ሌቨሩ ላይ የምታልፍ አንድ መስመር በቀለም አስምርበት፤ ከተላቀቀ መስመሯ ትሰበራለችና ወዲያው ታያለህ። ቀይ ሎክታይት አታድርግ፤ ሙቀት ካልነካው አይፈታም።

አሁን ወደ ዲግሪው። 45 ፈጣን ነው፣ አውራ ጣትም ብዙ አይለፋም። ውድድር የሚተኩስ ሰው ቢወደው አይገርመኝም። እኔ ግን ለአንተ 90 ነው የምለው። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ጠመንጃው የሁለት ሰው ነው፣ ነገ ደግሞ ሁለተኛ ጠመንጃ ትገዛለህ ወይም የጓደኛ ታነሳለህ። አብዛኛው ኤአር 90 ነው። አውራ ጣትህ 45 ከለመደ 90ው ላይ ሌቨሩን ግማሽ መንገድ አድርሶ ያቆመዋል። ለመተኮስ ሲሆን ላይተኩስልህ ይችላል፤ ይህ ያናድዳል እንጂ አይጎዳም። ለመቆለፍ ሲሆን ግን ግማሽ መንገድ ላይ ትተኸው «ተቆልፏል» ብለህ ታምናለህ። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። በዚያ ላይ ጠመንጃው ላይ የተጻፈው ምልክት ለ90 የተሠራ ስለሆነ 45 ስታደርገው ጠቋሚው መሃል አየር ላይ ይቆማል። ባለቤትህ በዓይኗ አይታ ልታረጋግጥ ስትፈልግ ምልክቱ አይረዳትም። ታሎን ሌቨሮቹን የሚያገናኘውን የመሃል አካሉን ገልብጠህ 45ም 90ም ልታደርገው ትችላለህ፤ ስለዚህ በ90 ጀምረህ ኋላ ሐሳብህን ብትቀይር ገንዘብህ አይባክንም።

አገር ቤት ክላሽ አይታችሁ ላደጋችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የክላሽ ሴፍቲ ሲቆለፍ የማቀባበያውን መንገድ ጭምር ይዘጋል። የኤአር ሴፍቲ የሚያግደው ምላጩን ብቻ ነው። ተቆልፎም ማቀባበልና ጥይት ማውጣት ይቻላል፤ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው፣ ሲራገፍም ተቆልፎ ይራገፋል። ግን መዶሻውንም፣ መዶሻው መትቶ ጥይቱን የሚያስተኩሰውን መርፌውንም የሚይዝ ነገር እንዳልሆነ እወቅ። የትኛውም ውድ ሴፍቲ ይህን አይቀይረውም፤ አፈሙዙ ሁልጊዜ ሰው ወደሌለበት ይዙር። ደግሞ መዶሻው ካልተወጠረ ሴፍቲው አይቆለፍም፤ አሠራሩ እንዲህ ነው። ተበላሽቷል ብለህ በጉልበት አትጠምዝዘው።

ርካሹ ይበቃል ወይ ላልከው፦ መሃል ያለው አካል ብረት መሆኑን እይ። ሌቨሮቹ አሉሚኒየም ቢሆኑ ችግር የለውም። አካሉ ግን ምላጩን የሚያግደው እሱ ነው፣ ፒኗም (በሞላ እየተገፋች ሴፍቲውን በቦታው የምትይዘው ትንሽ ዘንግ) ቀን ከሌት የምትፈጨው እሱን ነው። ስም የሌለው ገዝቼ የነበረ አንድ ሴፍቲ «ጠቅ» የሚለው ድምፁ እየላላ ሄዶ ከረጢት ውስጥ በራሱ ተከፍቶ አገኘሁት። ያን ቀን አውጥቼ ጣልኩት። ጥርት ያለ ጠቅታ ለእኔ ከመልክም ከፍጥነትም ይቀድማል። ስታንቀሳቅሰው መሃል ላይ መቆም የለበትም፤ ወይ እዚህ ወይ እዚያ ገብቶ መያዝ አለበት።

የምላጭ ስብስቡን ከቀየርክ ደግሞ ሻጩን ጠይቅ። አንዳንድ ምላጭ ከአንዳንድ ሴፍቲ ጋር ጠብቆ ይገጥማል፣ አንዳንዱ ላልቶ። ልክ መሆኑን የሚነግርህ ፍተሻው ነው።

ስትገጥመው የእጀታውን ብሎን ትፈታለህ። ሞላዋ ያለችው እጀታው ውስጥ ነው፣ ፒኗም ከእሷ በላይ ናት፤ ቀስ ብለህ አውርደው፣ አለዚያ ምንጣፍ ላይ ስትፈልጋት ታመሻለህ። ፒኗ ስትመለስ ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ፣ ወደ ሴፍቲው ነው። እጀታውን ስትመልስ ሞላዋ እንዳትታጠፍ አደራ። አዲስ ሴፍቲ ገጥመው «ላላብኝ» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ጋር ያገኘሁት የታጠፈች ሞላ ነው።

ከዚያ ባዶነቱን ዳግም አረጋግጥና ፈትሽ። አቀባብል፣ ቆልፍ፣ ምላጩን ጠበቅ አድርገህ ሳብ፤ መዶሻው መውደቅ የለበትም። ምላጩን ልቀቅና ጣትህን አውጥተህ ሴፍቲውን ክፈት፤ ሲከፈት ከወደቀ ጠመንጃው አይተኮስበትም፣ ለባለሙያ ይሂድ። ካልወደቀ ምላጩን ሳብ፤ አሁን ይውደቅ። ምላጩን እንደያዝክ አቀባብልና ቀስ ብለህ ልቀቅ፤ ጠቅ ሲል ትሰማለህ። እንደገና ሳብ፤ እንደገና ይውደቅ። ይህን በሁለቱም ጎን ሌቨር ደጋግመው። አንዱ ነገር ካልሆነ ጥይት አታስገባ።

ስለ ሕጉም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የምትገዛው ሁለት ቦታ ብቻ (ቁልፍና ተኩስ) ያለው ለኤአር-15 የተሠራ ይሁን። ኢንተርኔት ላይ ርካሽ ተብሎ አውቶማቲክ ያደርጋል የሚባል ነገር ካየህ አትንካው። ከ1986 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለሲቪል አዲስ አውቶማቲክ መሣሪያ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል፣ ቅጣቱም እስር ነው። ግሪን ካርድ ላይ ላለ ሰው ደግሞ በመሣሪያ ወንጀል መፈረድ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ለክረምት አገር ቤት ስትሄድ ለዘመድ ብለህ ሻንጣ ውስጥ የመሣሪያ ዕቃ እንዳትከት፤ ወደ ውጭ መላኩ ቁጥጥር አለበት።

ባጭሩ ለእናንተ ቤት ታሎን በ90፣ ረጅሙ በቀኝ፣ አጭሩ በግራ። ከመግዛትህ በፊት ግን የሚቻል ከሆነ ሱቅ ሄዳችሁ ባለቤትህ ራሷ ትጨብጠው። አጭሩ ካልደረሰላት ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፍ፤ እጇ የሚይዝበትን አይቼ የትኛው ሌቨር እንደሚሻል እነግርሃለሁ።