ስለ መቁረጫ ማሽን ጠይቁኝ፦ ለአሻንጉሊት ቤት ሠሪዎች

ከአያት፣ ከሰሚት፣ ከለገጣፎ፣ ከጀሞ ያላችሁ የጥቃቅን ቤት ሠሪዎች ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይዛችሁብኛል። በኮምፒውተር የሚታዘዘውን የወረቀት መቁረጫ ማሽን ልግዛ ወይ፣ ከገዛሁስ የትኛውን? በየግሉ መመለስ ሰለቸኝ፤ ዛሬ ሁላችሁም እዚሁ ጠይቁ።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ስትጠይቁ በስንት ስኬል እንደምትሠሩ (ከእውነተኛው ዕቃ ስንት ጊዜ አሳንሳችሁ፤ 1:12 ማለት 12 ጊዜ ያነሰ ነው) እና ምን እንደምትቆርጡ ንገሩኝ። ዕቃው ከውጭ ሲመጣ ደግሞ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እናገራለሁ።

ከሰሚት፦ ጋሼ እንደምን አሉ? የትኛው ማሽን ይሻላል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ለምን ሥራ? አሁን ከላይ ምን አልኩ?

ከአያት፦ ጋሼ፣ በ1:12 ነው የምሠራው። ሰገነቱ ላይ የጣውላ ጥልፍ ያለው የድሮ የፒያሳ ቤት ጀምሬያለሁ። እህቴ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው። ከመቁረጫ ማሽኖቹ ክሪከት ሜከር ትያዝልኝ ወይስ የሲልሁዌት ካሜዮ? ሜከር እንጨት ይቆርጣል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ተባረኪ፣ እንዲህ ነው የሚጠየቀው።

ሜከር እንጨት ይቆርጣል፣ እውነት ነው። በፈረንጆቹ 2017 ሲወጣ ሰው ያወራለት ጉልበቱን ነው፤ ምላጩን እስከ 4 ኪሎ ድረስ ይጫናል። ወፍራሙ ምላጩ እንደ ባልሳ ያለውን ለስላሳ እንጨት እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር ይቆርጣል። ካሜዮ 4 ደግሞ 5 ኪሎ ይጫናል። ይህን ቁጥር የሰማ ሁሉ ልቡ ይሸፍታል።

ግን እስቲ ስሌቱን አብረን እንሥራ። ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ የወንበር እግር በ1:12 3.3 ሚሊ ሜትር ነው። የሰገነትሽ ጥልፍ ቀዳዳው 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የክሪከት አምራች ራሱ በዚያ ወፍራም ምላጭ ከ19 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቅርፅ አትቁረጡ ብሎ ይመክራል። 19 የትና 4 የት! ያ ሁሉ ጉልበት ለኛ ሥራ ሳይደርስ ይቀራል። ሚኒያቸር የሚሠራ ሰው መጠየቅ ያለበት ምላጩ ምን ያህል ጠባብ ቦታ ላይ መዞር እንደሚችል ነው። እዚያ ላይ የሚያሸንፈው ቀጭኑ ምላጭና ቀጭኑ ወረቀት ነው። እነሱ ደግሞ ሁሉም ማሽን ላይ አሉ።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ደረቅ ወረቀት እወስዳለሁ፤ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንዱን ቅርፅ 8 ጊዜ እቆርጣለሁ። በእንጨት ኮላ ደራርቤ አጣብቄ መጽሐፍ እጭንበታለሁ። ሲደርቅ የወንበር እግር የሚያህል ውፍረት አለው፣ እንደ ድንጋይም ይጠነክራል። ጠርዙን በውኃ በቀጠነ ኮላ እቀባና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ። ቀለም ከገባ በኋላ እንጨት ነው ብሎ የሚከራከረኝ እንግዳ አላጣም። ኮላው ስስ ይሁን፤ ከበዛ ወረቀቱ ይጣመማል።

ለጥልፉ ደግሞ ፋይሉ ላይ የውስጥ ቀዳዳዎቹ ቀድመው፣ የውጭው ጠርዝ መጨረሻ እንዲቆረጥ አድርጊ። ጠርዙ ቀድሞ ከተለቀቀ ወረቀቱ ይንሸራተታል። ከማቱ፣ ማለትም ወረቀቱ ተጣብቆ ከሚቆረጥበት ምንጣፍ ስታላቅቂ ወረቀቱን አትሳቢው። ሁሉንም በፊቱ ገልብጪና ማቱን ወደ ኋላ እያጠፍሽ አላቅቂ፤ ያኔ ወረቀቱ ሳይጠቀለል ይቀራል። የቀዳዳውን ቁራጭ በመርፌ ጫፍ አውጪ።

ታዲያ የቱ? ለሥራሽ ሁለቱም ይሆናሉ። የሚለያቸው ሶፍትዌሩ ነው። የክሪከቱ ዲዛይን ስፔስ ኮምፒውተር ላይ ለአብዛኛው ሥራ ኢንተርኔት ይፈልጋል። የካሜዮው ሲልሁዌት ስቱዲዮ አንዴ ከተጫነ ያለ ኔት ይሠራል። ሰፈርሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ ካሜዮ የያዝኩት ለዚህ ብቻ ነው። አዳፕተሩን አንብቢ።

ከለገጣፎ፦ ጋሼ ክሪከትን አይወዱትም መሰለኝ። እኔ በስልክ ዳታ እየሠራሁበት ነው፣ ምንም አልሆንኩም። አጠቃቀሙም ከካሜዮ ይቀላል።

መልስ፦ ይቀላል፤ እሱን አልክድም። ለጀማሪ ከሱ የሚቀል የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ2021 ኩባንያው በነፃ የሚጠቀም ሰው በወር ከ20 በላይ የራሱን ንድፍ እንዳያስገባ ሊወስን ነበር። ደንበኛው በጮኸ ጊዜ ተወው። የገዛሁት ማሽን ምን ያህል እንደሚሠራልኝ ሌላ ሰው እየወሰነ መተኛት አልችልም። አንተ ተኝተህ ካደርክ ደግሞ ጥሩ።

ከጀሞ፦ ካሜዮ አለኝ። ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ኤስቪጂ የሚባል የንድፍ ፋይል አልከፍትም አለኝ። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ደህና ነው። ነፃው ሲልሁዌት ስቱዲዮ ኤስቪጂ አይከፍትም፤ ለሱ የሚከፈልበትን እትም ይፈልጋል። ዲኤክስኤፍ የሚባለውን ሌላ የንድፍ ፋይል ዓይነት ግን በነፃ ይከፍታል። ኢንክስኬፕ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንና ፋይሉን በዚያ ከፍተህ ዲኤክስኤፍ አድርገህ አውጣው። አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ዲኤክስኤፍ ሲገባ መጠኑ አንዳንዴ ይዛባል። 175 ሚሊ ሜትር መሆን ያለበት በር የፖስታ ቴምብር አክሎ ይመጣል። ከመቁረጥህ በፊት አንዱን መስመር ለካ።

ከቡራዩ፦ ከአሜሪካ የመጣ ማሽን እዚህ ይሠራል?

መልስ፦ አዳፕተሩን አንብብ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የሶኬቱን ጫፍ ብቻ ቀይር። 120 ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ያቃጥለዋል፤ ያለ ትራንስፎርመር አትንካው።

ከሰሚት፦ እሺ ጋሼ፣ ከሁሉም ርካሹ የትኛው ነው?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም። ዛሬ ያልኩት ለሳምንት አይሆንም። ስኬልህን ግን አሁንም አልነገርከኝም።

ከገላን፦ ይቅርታ፣ ለምን ማሽን መግዛት ያስፈልጋል? ማስታወቂያ ቤቶች ጋ ሌዘር አለ። ፋይል ይዤ እሄዳለሁ፣ ኤምዲኤፍም ኮምፔንሳቶም ቆርጠው ይሰጡኛል። 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ እንኳ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ከጀሞ፦ ጠርዙ ከሰል ሆኖ ነው የሚወጣው። ነጭ መስኮት አሠርቼ ጥቁር ተቀበልኩ።

ከገላን፦ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ይለቃል።

ከጀሞ፦ የ4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጡን በምን ልሸው? ደግሞ አንድ ወንበር ለማስቆረጥ ከዚህ ገላን ድረስ ልመላለስ?

ከገላን፦ ማን ገላን ና አለህ? መገናኛም አለ።

መልስ፦ ልጆች፣ ረጋ በሉ። ገላን ያለው ልክ ነው፤ ሌዘር እንጨት ላይ ከኛ ማሽን ይበልጣል። ጀሞ ያለውም ልክ ነው፤ ጠርዙ ይጠቁራል። የቤቱን ግድግዳና ወለል በሌዘር አስቆርጡ፣ ጥልፉንና የቤት ዕቃውን በወረቀት ራሳችሁ ሥሩ። አንድ ማስጠንቀቂያ። ፒቪሲ ይዛችሁ ሄዳችሁ በሌዘር ቁረጡልኝ እንዳትሉ። ሲቃጠል የሚያወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ ማሽናቸውንም ያዝገዋል። አሁን ወደ ጥያቄው።

ከቱሉ ዲምቱ፦ እኛ ጋ መብራት ይመጣል ይሄዳል። ሲቆርጥ ቢጠፋ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ማሽኑ ቦታውን ይረሳል። መብራቱ ሲመለስ ካቆመበት እቀጥላለሁ ብለሽ አታስቢ፤ ያ ወረቀት ሄዷል። ላፕቶፕሽ ባትሪ ቢኖረውም ማሽኑ የለውም። መፍትሔው ከባድ አይደለም። እነዚህ ማሽኖች የሚበሉት ኃይል ትንሽ ነው፣ ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር የሚሸጠው ተራ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) ይይዝልሻል። ይህም እንጨት እንዳይቆረጥ የምለምንበት ሌላው ምክንያት ነው። ወፍራም ነገር ሲሆን ምላጩ ያንኑ መስመር ደጋግሞ ነው የሚሄድበት፣ ጊዜ ይፈጃል። ወረቀት በደቂቃዎች ያልቃል። ትልቁን ሥራ በትንንሽ ፋይል ከፋፍለሽ ቁረጪ።

ከሰበታ፦ አክስቴ ካናዳ የቆየ ክሪከት አላት፣ ካርትሪጅ የሚገባበት። በነፃ ልላክልህ እያለችኝ ነው። ልቀበል?

መልስ፦ አትቀበል። በኮምፒውተር ያገለግላቸው የነበረው ፕሮግራም በ2018 ተዘግቷል። አሁን የሚቆርጠው ካርትሪጁ ውስጥ ያለውን ልብና ቢራቢሮ ብቻ ነው። አክስትህን አመስግንና ቡና ላክላት።

ከኮዬ ፈጬ፦ በ1:48 ነው የምሠራው። ትንሿ ክሪከት ጆይ ትበቃኛለች?

መልስ፦ ትበቃሻለች። የምትቆርጠው ስፋት 11.4 ሳንቲ ሜትር ነው። 4 ሜትር ግድግዳ በ1:48 8.3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይገባል። በ1:12 ግን ያው ግድግዳ 33 ሳንቲ ሜትር ነው። የትልልቆቹ መደበኛ ማት እንኳ 30.5 ብቻ ስለሆነ ረጅሙን ማት ይፈልጋል። ስኬል ጻፉ የምለው ለዚህ ነው፣ ሰሚት እየሰማህ ነው?

ከለገጣፎ፦ እኔ የማይገባኝ ሁላችሁም ለምን የፈረንጅ ቪላ ትሠራላችሁ? የጭስ ማውጫ፣ የገና ዛፍ... የኛ ቤት የለም እንዴ?

ከአያት፦ እኔ ፒያሳ ነው ያልኩት።

ከለገጣፎ፦ አንቺን አይደለም። ሌሎቹን።

ከኮዬ ፈጬ፦ የሚወርደው ፋይል ሁሉ የፈረንጅ ስለሆነ ነው። የጭቃ ቤት ፋይል ከየት ላምጣ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የጭቃ ቤት ፋይል አያስፈልግሽም፤ የጭቃ ቤት ነፍሱ ጣሪያው ነው። ስለ ቆርቆሮ ላውራ።

የተለመደው ቆርቆሮ ከአንዱ ሞገድ አናት እስከ ሌላው 76 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ1:12 6.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሰው በግምት ሲሠራው ጣሪያው ወይ ብስኩት ይመስላል ወይ የጂንስ ሱሪ። ማሽኑ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ቆርቆሮውን አይሠራም፤ ቅርፅ ማውጫውን ይሠራል። ደረቅ ወረቀት ላይ በየ6.3 ሚሊ ሜትሩ ቀጥ ያለ መስመር ሳይቆርጥ ብቻ እንዲያሰምር እዘዢው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ስቲኪኒ አጣብቂ፣ ሹል ጫፉን ቆርጠሽ። ሲደርቅ የወጥ ቤት ፎይል በቀጭን ወረቀት ላይ ለጥፊና ኮላው ገና እርጥብ ሳለ በቅርፅ ማውጫው ላይ አንጥፊው። በስቲኪኒዎቹ መሃል ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ቀስ እያልሽ ተጫኚ። ከመሃል ጀምረሽ ወደ ዳር ሂጂ፣ ከዳር ከጀመርሽ ፎይሉ ይቀደዳል።

2 ሜትር ቆርቆሮ 16.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ጣሪያውን በአንድ ትልቅ ቁራጭ አትሸፍኚ። ለየብቻ ቆርጠሽ አንድ ሞገድ እያደራረብሽ አልብሺ፣ የኛ አናጢ እንደሚያደርገው። ዝገቱን ቡናማ ቀለም በስፖንጅ ነካ ነካ አድርጊ፤ በተለይ ምስማሩ የሚመታበትና መደራረቢያው ላይ። አዲስ ቆርቆሮ ከፈለግሽ ተይው። ግን የዛገው ያምራል።

ከገላን፦ እውነተኛ ቀጭን አሉሚኒየም ብጠቀምስ?

መልስ፦ ምላጭህን ትጨርሳለህ። ፎይል ብቻ።

ከቡራዩ፦ መሶብስ በማሽን ይሠራል?

መልስ፦ መሶብ ይሰፋል። እናትህን ጠይቅ።

ከሰበታ፦ ብራዘር ስካን ኤንድ ከት የሚባለውን ማንም አላነሳም።

መልስ፦ ጥሩ ማሽን ነው። የራሱ ስካነርና ስክሪን ስላለው ያለ ኮምፒውተር ይቆርጣል። በእጅህ የሣልከውን አስገብተህ በመስመሩ ላይ ማስቆረጥ ትችላለህ። ኮምፒውተር ለማይወድ ሰው እሱን ነው የምመክረው። ከዚያ በላይ እጄ ላይ ስላልቆየ አልዘበዝብም። አዳፕ... የሱን ቮልት ጀርባው ላይ አንብብ።

ከሰሚት፦ ጋሼ ይቅርታ፣ በ1:24 ነው። ለልጄ የአልጋና የቁም ሣጥን ሞዴል። ሰፈራችን ግንባታ ስላለ አቧራ ነው፣ ኔትም ደካማ ነው።

መልስ፦ ይኸው! ይህን መጀመሪያ ብትለኝ አንድ ሰዓት እናተርፍ ነበር። ኔትህ ደካማ ከሆነ ካሜዮ። በ1:24 ሁሉም ነገር በግማሽ ስለሚያንስ 300 ግራሙን ትተህ በ200 ግራም ወረቀት ደራርብ፤ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቀዳዳ አትንደፍ፣ ወረቀቱ ይቀደዳል። ለማንኛውም አዲስ ወረቀት አስቀድመህ ጥግ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ቆርጠህ ሞክር።

አቧራው ምላጩን አይጎዳም፣ ማቱን ነው የሚገድለው። ሥራ ስትጨርስ መሸፈኛ ፕላስቲኩን መልሰህ አልብሰው። መጣበቁን ሲተው ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በቀስታ እጠበውና በራሱ ይድረቅ፤ በፎጣ አታድርቀው፣ ፀጉሩ ይቀርበታል። ማሽኑን የሚያመጣልህ ሰው ሁለት ትርፍ ማትና ጥቂት ምላጭ አብሮ ይያዝ።

ከሰሚት፦ አዳፕተሩን አነባለሁ።

መልስ፦ አንብብ።