ከልጅዎ ጎን ነጭ ቀበቶ ይታጠቁ

እህቴ፣ «የ8 ዓመት ልጄን ቴኳንዶ ላስመዘግብ ሳቢያን ሰፈር ብሄድ አሰልጣኙ እኔም እንድጀምር ጋበዘኝ፤ 46 ዓመቴ ነው፣ አያሳፍርም ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ፈጽሞ አያሳፍርም! እኔ እዚሁ ድሬዳዋ በ41 ዓመቴ ከሁለት ልጆቼ ጋር ጀምሬ ይኸው ሦስት ዓመት ሞላኝ።

ሰውን የሚጎዳው ዕድሜው ሳይሆን ከልጆች ጋር መፎካከሩ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ የ12 ዓመት ልጅ እግሩን ከራሱ በላይ ሲሰነዝር አይቼ፣ ሰውነቴን ሳላሟሙቅ እኔም ሞከርኩ። የታፋዬን ጡንቻ ጎድቼ ወር ተኩል አነከስኩ። ከዚያ ወዲህ እግሬን ከወገብ በላይ አልሰነዝርም፤ አሰልጣኜም አስገድዶኝ አያውቅም።

ትልቅ ሰው የሚያምርበት ፓተርን ላይ ነው፤ ይኸውም ያለ ተጋጣሚ በቅደም ተከተል የሚሠሩ እንቅስቃሴዎች ማለት ነው። እኛ የምንማረው አይቲኤፍ (ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን) የሚባለው ድርጅት የሚከተለውን ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያው ፓተርን ቾን-ጂ፣ ትርጉሙም ሰማይና ምድር፣ 19 እንቅስቃሴዎች አሉት። ልጆች ሮጠው ይጨርሱታል፤ እኛ ግን አቋቋማችንንና ትንፋሻችንን እያዳመጥን እንሠራዋለን። ማታ ማታ በግቢያችን ልጄ ተራው ሲጠፋት እኔን ትጠይቀኛለች፣ እግሬን አበላሽቼ ስረግጥ ደግሞ እርሷ ታርመኛለች። አባትና ልጅ እንዲህ የሚተራረሙበት ሌላ ቦታ አላገኘሁም።

ከመመዝገብዎ በፊት የትኛው ዓይነት ቴኳንዶ እንደሆነ ይጠይቁ። አይቲኤፍ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው ደግሞ በ1973 የተመሠረቱ ናቸው። ከ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ጀምሮ ሜዳሊያ የሚያሰጠው ሁለተኛው ነው፤ ሰለሞን ቱፋ ለኢትዮጵያ በቶኪዮ የተወዳደረውም በእርሱ ነው። በእርሱ ፍልሚያ ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ሲሆን በአይቲኤፍ ግን ይፈቀዳል። ልጅዎ ኦሊምፒክን የምታልም ከሆነ ይህንን ከወዲሁ ማወቅ አለባት።

የድሬን ሙቀትም አይናቁ። በግንቦትና በሰኔ ዶቦክ (የቴኳንዶ ልብስ) ለብሶ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መዝለል ያዞራል፤ የማለዳውን ክፍል ይምረጡ፣ ውኃ ይያዙ። የጉልበት ሕመም ወይም ደም ግፊት ካለብዎ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

አንድ ቀን ቁጭ ብለው ስልጠናውን ይመልከቱ። አሰልጣኙ ልጆችን እግር ለማስከፈት ትከሻቸውን ወደ ታች የሚጫን ከሆነ ልጅዎን ይዘው ይውጡ። ልጆችን በስማቸው የማይጠራ፣ ከኋላ የቀረውን ዞሮ የማያይ ከሆነም እንዲሁ። ጥሩ ሰው ሆኖ ካገኙት ግን ነገ ዛሬ ሳይሉ ሁለት ዶቦክ ይግዙ።