የገጽ ቁጥሩ ወደ ጥራዙ እየገባ ላስቸገረህ

ለቦርከና ወንዝ ዳር ገበሬዎች በምታዘጋጀው የውኃ ፓምፕ መመሪያ ላይ የገጽ ቁጥሩን ሁሌም በቀኝ ስላደረግኸው ነው። 1፣ 3፣ 5 በቀኝ ገጽ ይውላሉ፤ 2፣ 4፣ 6 በግራ። የግራዎቹን ቁጥር ወደ ግራ ጠርዝ አውጣው።

በዎርድ፦
1. ማርጂን (በጽሑፉ ዙሪያ ያለው ባዶ ጠርዝ) ላይ «ሚረርድ» ምረጥ፤ የውስጡን፣ ማለት በጥራዙ በኩል ያለውን፣ ከውጪው አስፋ።
2. ፉተር (የገጹ ግርጌ) ላይ «ዲፈረንት ኦድ ኤንድ ኢቭን ፔጅስ» የሚለውን አብራ።

ኤ4 አጥፈህ መሃሉን በስፒል ከሆነ የምትይዘው፣ የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት። 30 ገጽ ካለህ 32 አድርገው።

የፓምፑ አፈታት ትእዛዝና ሥዕሉ ደግሞ ፊት ለፊት ይሁኑ። እጁ ግራሶ የነካ ሰው ገጽ እንዲገልጥ አታስገድደው፤ እባክህ ይህን አትለፈው።

በደሴ ማተሚያ ቤቶች ደጋግሜ ያየሁት ችግር አለ፦ የዎርድ ፋይል ስትሰጣቸው ፎንቱ (የተጠቀምክበት የፊደል ዓይነት) ከሌላቸው መስመሩ ይንሸራተትና ሥዕሉ ሌላ ገጽ ላይ ያርፋል። ፎንቱን አካትተህ በፒዲኤፍ ስጣቸው።